መኪናዬ ጋራዥ ስትደርስ ለምን ደህና ትሆናለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የገባች 1.6 ኮሮላ አለችኝ። ማንዋል ነች፤ ራይድ እሠራባታለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አልፎ አልፎ ሚስ ታደርጋለች፤ ሞተሯ ሳያቃጥል ይዘላል። ሜዳ ላይ ምንም አይላትም። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ግን ትንገጫገጫለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ የቼክ ኢንጂን መብራቷም ብልጭ ድርግም ይላል። ዝናብ ሲያድር ወይም ላቫጆ ካስገባኋት በኋላ ይብስባታል። ከዚያ ራሷ ትተወዋለች። ጋራዥ ስወስዳት ምንም የለባትም። አራቱም ካንዴላ ተቀየረ፣ ኢንጀክተር ታጠበ፣ ኮምፒውተሯ የመዘገበውን የብልሽት ኮድም አጠፉልኝ። አልተሻላትም። አሁን ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ ቀይር፣ ካልሆነም ሞተሩ ይከፈት እየተባልኩ ነው። ዕዳዋን ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። ምን ይመክሩኛል?
(ከአያት ሰፈር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓምፑን አትግዛ። ሞተሩንም አታስከፍት። መልሱ ግማሹ እዚሁ ደብዳቤህ ውስጥ አለ፤ ቁጭ ብሎ የሰማህ ሰው ነው የጠፋው። ዳገት ላይ ብለሃል። ዝናብ ሲያድር ብለሃል። ከላቫጆ በኋላ ብለሃል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ ከነዳጁ በፊት እሳቱን ነው የምጠረጥረው። ማለትም ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ኮይል፣ ኮይሉ ጫፍ ላይ ያለውን ጎማ እና ካንዴላውን።

ወደ ምርመራው ሳንገባ ግን ለነገ የማይባል ነገር አለ። የቼክ ኢንጂን መብራት ቀጥ ብሎ ሲበራና ብልጭ ድርግም ሲል ትርጉሙ አንድ አይደለም። ቀጥ ብሎ ከበራ፣ በቅርቡ አስፈትሸኝ ማለቱ ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሲሊንደሩ ሳያቃጥለው የቀረው ቤንዚን በጭስ መውጫው በኩል ወደ ካታሊስቱ፣ ማለትም ጭሱን ወደሚያጣራው ዕቃ፣ እየገባ ነው። እዚያ ውስጥ ይቃጠላል። ካታሊስቱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ቀልጦ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ በአንድ ኮይል የሚያልቀው ነገር የካታሊስት ዋጋ ይጠይቅሃል። ስለዚህ መብራቱ ብልጭ ማለት ሲጀምር ነዳጁን ቀንስ፣ ማርሽ አውርድ። ካልተወ ዳር ይዘህ ቁም። ተሳፋሪው ቢቸኩልም ዳገቱን በግድ እንዳትጨርሰው።

አሁን ጋራዥ ስትደርስ ለምን ደህና እንደምትሆን ላስረዳህ። ይህን ከተረዳህ ማንም በግምት ዕቃ አያስገዛህም።

ካንዴላው ላይ እሳት የሚዘለው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ክፍተት ውስጥ ነው። ለዚያ ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድጋል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በቁሟ ስትሠራ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ትንሽ ነው። ግፊቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ እሳቱ በቀላሉ ይዘላል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። እሳቱም ያንኑ ክፍተት ለመዝለል በጣም የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። የደከመ ኮይል የሚያቅተው ያን ጊዜ ነው። የኮይሉ ጎማ ከተሰነጠቀ ደግሞ እሳቱ በስንጥቁ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ብረት ይሄዳል፤ ካንዴላው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። እርጥበት ሲጨመርበት ይህ አቋራጭ ይበልጥ ይቀልለታል። ጋራዥ ውስጥ ግን መኪናዋ ደረቅ ናት፣ ማርሽ አልገባም፣ ጭነት የላትም። መካኒኩ በቁሟ ነዳጅ ቢሰጣት የደከመውም ኮይል ይችለዋል።

ኮዱ መጥፋቱ በጣም ቆጭቶኛል። መካኒኮቹ ክፋት አስበው አይመስለኝም። ኮድ ማጥፋት እንደ ጥገና የሚቆጠርበት ጋራዥ ብዙ ነው። ግን ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲመዘግብ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታም አብሮ ይይዛል። ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነበር፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ መኪናዋ በስንት ፍጥነት እየሄደች ነበር፣ ምን ያህል ጭነት ነበረባት፣ ይህ ሁሉ ተጽፏል። ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። ኮዱ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ባትሪ መንቀልም ያው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ኮዱ ተነቦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ፍሪዝ ፍሬሙም ታይቶ ካልሆነ ማንም እንዳያጠፋብህ።

መብራቱ ጠፍቷል ማለት ደግሞ ኮድ የለም ማለት አይደለም። ቀለል ያለ ሚስ ሲሆን ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ፔንዲንግ (ገና ያልተረጋገጠ) ብሎ ይይዘዋል። በቀጣዩ ጉዞ ከደገመው ነው መብራቱን የሚያበራው። ስለዚህ መብራቱ ባይበራም አስነብበው።

ለዚህ ትልቅ ማሽን አያስፈልግህም። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የቤንዚን መኪኖች የኦቢዲ (የብልሽት ኮድ ማንበቢያ) ሶኬት እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ያንተም አላት። ሶኬቱ ከመሪው በታች ነው። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ግዛ ወይም ከጓደኛ ተዋስ። ኮዱ ፒ0301 ካለ 1ኛው ሲሊንደር ነው፤ ፒ0302 ካለ 2ኛው፤ እንዲህ እያለ እስከ ፒ0304 ይሄዳል። ፒ0300 ካለ ግን ሚሱ በአንድ ሲሊንደር አልተወሰነም፤ እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። ለነገሩ ኮምፒውተሩ ሚሱን የሚያውቀው በክራንኩ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ) ሴንሰር ነው። አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር ክራንኩ ለቅጽበት ዘግየት ይላል፤ እሷን ይቆጥራል። በዚሁ ምክንያት ኮብልስቶን ላይ የመኪናዋ ጎማ ሲንቀጠቀጥ ሊሳሳት ይችላል። አንተ ምንም ሳይሰማህ ኮብልስቶን ላይ ብቻ የተመዘገበ ኮድ ካገኘህ ብዙ አትመነው።

እንግዲህ ፒ0303 አገኘህ እንበል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ኮፈኑን ክፈትና የላይኛውን የፕላስቲክ ሽፋን አንሳ። አራት ኮይሎች ተደርድረው ታያለህ፤ እያንዳንዱን የያዘው በ10 ቁልፍ የሚፈታ አንድ ቡሎን ነው። 1ኛው ሲሊንደር ቺንጋው ባለበት በኩል ያለው ነው፤ ከዚያ ቁጠር። የ3ኛውን ኮይል አውጥተህ ከ1ኛው ጋር አቀያይር። እንዳይምታታብህ በቀለም ምልክት አድርግበት። ሌላ ምንም አትንካ። ካንዴላም አትቀይር፣ ምንም አታሳጥብ። ፎቶው እጅህ ላይ ስላለ አሁን ኮዱን ማጥፋት ትችላለህ። ከዚያ ዝናብ ያደረበትን ጠዋት ጠብቅና ያንኑ ዳገት ውጣ።

ሚሱ ተመልሶ ኮዱ ፒ0301 ከሆነ ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል። ተገኘ ማለት ነው። አሁንም ፒ0303 ከሆነ ኮይሉ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ የ3ኛውን ካንዴላ ከሌላ ሲሊንደር ጋር አቀያይር፤ አሁንም እሱን ብቻ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከቀየርክ የትኛው እንደነበረ አታውቅም፤ ገንዘብህም ጊዜህም ያለ መልስ ይሄዳል። ይህ ሥራ ከትዕግስት በቀር ብዙም ወጪ የለውም፤ አሳማኝ ማስረጃ የሚሰጥህም እሱ ነው።

ኮይሉን ስታወጣ ደግሞ ዝም ብለህ አታስቀምጠው። ቀን ብርሃን ላይ አገላብጠህ እየው። ጎማውን በጣትህ ጠምዘዝ ስታደርገው ስንጥቅ ይከፈታል ወይ? ጎማው ደርቋል ወይስ በዘይት ርሶ ለስልሷል? ውስጡ ያለው ምንጭ መሰል ሽቦ ዝጓል? ከዚያ የስልክህን መብራት ወደ ጉድጓዱ አብራ። ሥሩ ላይ ዘይት ካየህ ከቫልቭ ኮቨሩ (ከሞተሩ የላይ ክዳን) ማሸጊያ ጓርኒሲዮን በኩል እየወረደ ነው፤ ያ ጎማውን ይበላዋል፣ እሱም መቀየር አለበት። ውሃ ወይም የዝገት ቀለም ካየህ ላቫጆ ቤት ሞተሩን በግፊት ውሃ ያጠቡት ቀን ገብቷል። ካንዴላውን አውጥተህ ደግሞ ነጩን ሴራሚክ ዙሪያውን እየው። ከላይ ወደ ታች የወረደች፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለች እሳቱ የሾለከበት መንገድ እሷ ናት። በጨርቅ ብትጠርጋት አትለቅም። እንዲህ ካገኘህ ካንዴላውንም ጎማውንም አብረህ ቀይር። አንዱን ብቻ ከቀየርክ የተበላሸው አዲሱን ያበላሸዋል።

የኮይሎቹን ሶኬቶችም እይልኝ። ይህን የማነሳው መኪናዋ ብዙ እጅ ስላየች ነው። የሶኬቱ ፕላስቲክ መቆለፊያ በሞተሩ ሙቀት ይደርቃል። መካኒክ በተነካካው ቁጥር ይሰበራል። ሲመልሱት የገባ ይመስላል፤ ግን ቀጭ ብሎ አይቆለፍም። ከዚያ መኪናዋ ስትንገጫገጭ ይላቀቃል፣ መልሶ ይገጥማል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለህ ወዝወዝ አድርጋቸው። አንዱን ስትነካ ሞተሩ ካንገራገረ ያገኘኸው እሱን ነው፤ ኮይል መግዛት አያስፈልግህም። ኮይሉን ራሱን ግን ሞተሩ እየሠራ በእጅህ እንዳትይዝ፤ ክፉኛ ይመታሃል።

ዝናብ አልመጣ ብሎ ከቆየብህ አንተ አምጣው። ልብስ ሲተኮስ ውሃ በሚረጩበት ጠርሙስ በኮይሎቹ ዙሪያ ስስ አድርገህ ርጭ። አታጥለቅልቀው። ኮፈኑን ዝጋና ዳገቱን በ3ኛ ማርሽ፣ ዙሩን ዝቅ አድርገህ ውጣ። እሳቱ የሚሾልክ ከሆነ ያሳይሃል። መብራቱ ብልጭ ካለ ወዲያው ነዳጁን ልቀቅ፤ የፈለግከውን አይተሃል።

ካንዴላ ቀይረናል ያሉህ ነገርም መታየት አለበት። አዲስ ሆኖ የተበላሸ ካንዴላ አለ። ሲገጠም ቁልፉ ተንጋዶ ሴራሚኩ የተሰነጠቀ ይኖራል። አስመስሎ የተሠራም ገበያው ላይ አለ፤ ማሸጊያው ያምራል፣ ዕቃው ግን የተባለውን አይደለም። የዴንሶም ሆነ የኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ 11 የሚል ካለው ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። አራቱም እኩል መሆናቸውን በመለኪያ አስለካቸው። የአንዱ ክፍተት ከሰፋ ዳገት ላይ መጀመሪያ የሚከዳህ እሱ ነው። የወጡት አሮጌ ካንዴላዎች እዚያው ጋራዥ ካሉ ደግሞ ተቀበላቸው። ከሐሰተኛ አዲስ እውነተኛ አሮጌ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ጥፋቱ የኮይል ከሆነ አንድ ብቻ ግዛ። አራቱንም ቀይር የሚልህ ይኖራል፤ አትስማው፣ ሦስቱ እየሠሩ ነው። መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዛ ያንተን ኮይል ይዘህ ሂድ። ሶኬቱ ባለ አራት እግር መሆኑን፣ ላዩ ላይ የተጻፈውም ቁጥር አንድ መሆኑን አመሳክር። ካልሠራ እንደሚመልስልህም ከመክፈልህ በፊት ተነጋገር።

ኮይሉም ካንዴላውም ተቀያይሮ ቁጥሩ ከ3 ካልተነቃነቀ ኢንጀክተሩ፣ የኢንጀክተሩ ሶኬት ወይም ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይቀራል። ኢንጀክተሩንም እንደ ኮይሉ ማቀያየር ይቻላል። ነዳጅ መስመር ስለሚከፈት ግን ለመካኒክ ተወው።

ፒ0300 ከመጣ ወይም ቁጥሩ በየቀኑ ሲሊንደር የሚቀያይር ከሆነ ሁሉም የሚጋሩትን ነገር ፈልግ። እዚህ ላይ ነው ነዳጁ የሚጠረጠረው። ማንበቢያህ ላይ ፊዩል ትሪም የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አጭርና ረጅም። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ይነግሩሃል። ሁለቱን ደምራቸው። እስከ 10 አካባቢ ምንም አይደለም። ሚኒሞ ላይ 20 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሞተሩን 2500 ዙር ላይ ስትይዘው ከወረደ በሆነ ቦታ ትርፍ አየር እየገባ ነው። የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ወይም የማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ጓርኒሲዮን ይሆናል። በዚህ የሞተር ቤተሰብ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ጠዋት ብርድ ላይ ማስተንፈሱ የታወቀ ነው። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ቁጥሩ ከወጣ ነዳጁ እየደረሳት አይደለም። ፓምፕ ወይም ፊልትሮ የሚባለው ያኔ ነው። እሱም ቢሆን ከመግዛትህ በፊት በግፊት መለኪያ ይታይ። በዚህ ሞተር ከ3 እስከ 3.5 ባር አካባቢ መቆም አለበት። ጭነት ሲበዛባት ከወረደ ፓምፑን ቀይር ያሉህ ሰዎች ልክ ናቸው። ካልወረደ ገንዘብህን ያዝ።

በክረምት ነዳጅ ውስጥ ውሃ መግባትም ያጋጥማል። በተለይ ሰልፍ በዝቶ ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ከገዛህ። ጥቂት ቀድተህ በብርጭቆ አቆየው፤ ውሃ ካለበት ሥሩ ላይ ተለይቶ ይቀመጣል።

ሞተሩ ይከፈት ለሚለው የምነግርህ ነገር አዲስ አበባ ለሚነዳ ሁሉ ይጠቅማል። ኮምፕሬሽን ተለክቶ ቁጥሩ መጽሐፉ ከሚለው በታች ስለሆነ ብቻ ሞተርህ አልቋል ይሉሃል። የመጽሐፉ ቁጥር ግን በባሕር ጠለል አካባቢ የሚለካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የአየሩ ግፊት እዚያ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ 13 ባር የሚለው ደህና ሞተር እዚህ 10 አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም። አንተ ማየት ያለብህ አራቱ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ 10 ሆነው አንዱ 7 ከሆነ ችግር አለ፤ አራቱም 10 ከሆኑ ሞተሩን ተወው። ሲለካ ሞተሩ ሞቅ ያለ ይሁን። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ቁጥሩ አይታመንም።

ከጠዋት ብርድ በቀር ሚስ የማታደርግ፣ ስትነሳ ነጭ ጭስ የምትተፋ፣ የራዲያተር ውሃ የሚጎድልባት ብትሆን ኖሮ ግን ነገሬ ሌላ ይሆን ነበር። ያ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ምልክት ነው። የውሃውን መጠን ለማንኛውም በየጠዋቱ እየው።

ከመካኒክህ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ እንዲህ አድርግ። ዕቃ ሳትይዝ ሂድና ለምርመራው ለብቻው እከፍልሃለሁ በለው። እኛ አገር መካኒክ የሚከፈለው ዕቃ ሲቀይር ነው። ቆሞ ላሰበበት፣ ለመረመረበት ሰዓት የሚከፍለው የለም። ስለዚህ ዕቃ በመቀየር ይመረምራል፤ ሂሳቡ ወደ አንተ ይመጣል። ለአንድ ሰዓት ክፈለውና ከጎንህ አስቀምጠህ ዳገቱን ውጣ፤ አንተ ትነዳለህ፣ እሱ ማንበቢያውን ያያል። ሲሰማና ሲያይ ያኔ በግምት አያወራም። ይህን ሐሳብ ሰምቶ ደስ የሚለው መካኒክ ካገኘህ አትልቀቀው።

እስከዚያ ላቫጆ ስትገባ ሞተሩን እንዳያጥቡብህ ንገራቸው። ሚስ ባደረገች ቁጥር ስልክህ ላይ በድምፅ ቅዳ፤ ሰዓቱን፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ ማርሹን፣ ነዳጁ ስንት እንደቀረ። ዳገት የሚበዛበት ጥሪ ለጥቂት ቀን ባትቀበል ይሻላል፤ ወደ እንጦጦ በኩልማ ጨርሶ አትሂድ። ኮዱን፣ የፍሪዝ ፍሬሙን ፎቶ እና ሁለቱን የፊዩል ትሪም ቁጥሮች በሚኒሞና በ2500 ዙር አድርገህ ላክልኝ። ኮይል ካቀያየርክ የትኛውን ከየትኛው እንደሆነም ጻፍልኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን አብረን እናያለን።